የሚቆራረጥ የቤት ኢንተርኔት፦ ጥፋቱ ያለው የት ነው?

በዌልስ፣ ፓዊስ በሚባለው አውራጃ ውስጥ አበርሆሳን የተባለች አነስተኛ የገጠር መንደር አለች። የዚህች መንደር ነዋሪዎች 18 ወራት ሙሉ መንስኤው ባልታወቀ ችግር ሲጉላሉ ቆይተዋል። በየዕለቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን፣ በእነርሱ አቆጣጠር 7 ሰዓት መሆኑ ነው፣ የመንደሪቱ ኢንተርኔት እጅግ ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቋረጣል። መስመሩን የሚያስተዳድረው ኦፕንሪች የተባለው ድርጅት ባለሙያዎቹን በተደጋጋሚ ላከ። መስመሩ ሲመረመር ጤናማ ሆኖ ተገኘ። ችግሩ ግን አልተወገደምና መንደሪቱን ከሚያገለግለው ኬብል ብዙው ክፍል በአዲስ ተተካ። ይህም ለውጥ አላመጣም።

በመጨረሻ ከሌሎች የብሪታንያ አካባቢዎች የተውጣጣ የባለሙያዎች ቡድን ወደ መንደሪቱ ሄደ። እነዚህ ሰዎች ኬብሉን ትተው ሰዓቱን ተከተሉ። በአካባቢው ያለውን የኤሌክትሮመግኔት ሞገድ በድግግሞሹ ለይቶ የሚያሳይ ስፔክትረም አናላይዘር የተባለ መሣሪያ ይዘው፣ ዶፍ ዝናብ እየወረደባቸው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በመንደሪቱ ውስጥ ተመላለሱ። ልክ 1 ሰዓት ሲሆን መሣሪያው ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጫጫታ አመለከተ። ጫጫታውን ተከትለው የደረሱት በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ከሚገኝ አሮጌ ቴሌቪዥን ዘንድ ነበር። ቴሌቪዥኑ በየማለዳው ሲከፈት የመንደሪቱ ኢንተርኔት ይወድቅ ነበር። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ይፋ ሲሆን፣ ባለቤቱ በሁኔታው እጅግ አፍረው ቴሌቪዥኑን ዳግመኛ ላለመክፈት መስማማታቸው ተነግሯል።

ነገሩ ፈገግ ያሰኛል። የሳይንስ ተማሪን የሚስበው ግን የምርመራው አካሄድ ነው። ዕቃ በመቀየር ያልተፈታው ችግር፣ ጥፋቱ የሚከሰትበትን ጊዜና ቦታ በመለካት ተፈታ። በየቤታችን የምንገኘው ብዙውን ጊዜ ገና ኬብል በመቀየሩ ደረጃ ላይ ነው። ኢንተርኔት ሲቆራረጥብን ራውተሩን አጥፍተን እናበራለን፤ ሲሰለቸን አዲስ ራውተር እንገዛለን። ማጥፋትና ማብራት አንዳንዴ ፍቱን መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ራውተሩ ስለ ጥፋቱ መዝግቦ የያዘውን መረጃ አብሮ ሊደመስሰው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ያለ ልዩ መሣሪያ፣ ቤት ውስጥ ባለው ኮምፒዩተርና በራሱ በራውተሩ ብቻ ጥፋቱን እንዴት ማሳደድ እንደሚቻል እንመለከታለን።

ሦስት ጉዞዎች

በተለምዶ «ዋይፋይ ጠፋ» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራታችን ነው። ከእጃችን ስልክ ወይም ከላፕቶፑ የሚነሳ መልእክት በመጀመሪያ በሬዲዮ ሞገድ ወደ ራውተሩ ይሄዳል፤ ዋይፋይ የሚባለው ይህ ብቻ ነው። ቀጥሎ ከራውተሩ ተነስቶ በመዳብ ሽቦ ወይም በብርሃን ክር ወደ አገልግሎት ሰጪው ጣቢያ ይጓዛል። ሦስተኛው ጉዞ ከጣቢያው ወደ ቀሪው ዓለም የሚደረገው ሲሆን፣ በዚህኛው ላይ ተጠቃሚው ምንም ሥልጣን የለውም። በሦስቱም ላይ የሚደርስ ጥፋት ለተመልካች አንድ ዓይነት ነው፦ ገጹ አይከፈትም፣ ቪዲዮው ቆሞ ይሽከረከራል። መፍትሔያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመዳቡ መስመር የታመመበት ሰው ዋይፋይ የሚያጠናክር መሣሪያ ቢገዛ ገንዘቡን መጣሉ ነው።

ሦስቱን ለመለየት የሚያገለግለው ጥንታዊና ቀላል ፕሮግራም ፒንግ ይባላል። አሜሪካዊው ማይክ ሙስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1983 የጻፈው ሲሆን፣ ስሙን የወሰደው ሰርጓጅ መርከብን ለማግኘት ወደ ባሕር ውስጥ ከሚለቀቀው የሶናር ድምፅ ነው። ሥራውም ይኸው ነው፤ አጭር መልእክት ይልክና ማሚቶው እስኪመለስ ያለውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይለካል። በማንኛውም ኮምፒዩተር የትእዛዝ መስኮት ላይ ስሙን ጽፎ አድራሻ ማስከተል በቂ ነው።

በኮምፒዩተሩ ላይ ሁለት መስኮቶችን ጎን ለጎን እንክፈት። በአንደኛው የራሱን የራውተሩን አድራሻ፣ ብዙውን ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ያለማቋረጥ እንጥራ፤ በሌላኛው ሩቅ ያለ አድራሻ፣ ለምሳሌ የጉግልን 8.8.8.8። ከዚያ ጥፋቱ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ሲመጣ ሁለቱም መስኮቶች ከቆሙ ጥፋቱ በኮምፒዩተሩና በራውተሩ መካከል ነው፤ ወይም ራውተሩ ራሱ ተዝለፍልፏል። የራውተሩ ማሚቶ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ እየተመለሰ የሩቁ ብቻ ከቆመ፣ ዋይፋዩን መውቀስ ይቅርና ከራውተሩ ጀርባ ወደሚገባው መስመር እንዙር። ሁለቱም እየተመለሱ ድረ ገጽ ግን አልከፈት ካለ፣ የጠፋው የድረ ገጾችን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት ሊሆን ይችላል፤ በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ሌላ የስም ተርጓሚ አድራሻ በማስገባት ይፈተናል። ፈተናውን በኔትወርክ ኬብል፣ ማለትም ያለ ዋይፋይ፣ መድገም ደግሞ ጥርጣሬን ያጠራል።

በመዳቡ ላይ

በከተሞቻችን የመዳቡ የስልክ መስመርና የብርሃን ክሩ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ሰፊ ማብራሪያ የሚገባው መዳቡ ነው፤ ምክንያቱም ይህ መስመር ኢንተርኔት ለመሸከም ታስቦ የተዘረጋ አይደለም። የተሠራው በስልክ ለሚሰማ የሰው ድምፅ ሲሆን፣ ለዚህም ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለው የድግግሞሽ ክልል ይበቃል። ኤዲኤስኤል የተባለው ቴክኖሎጂ ከዚህ በላይ ያለውን፣ ከ26 ኪሎኸርዝ ገደማ እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ የሚደርሰውን ባዶ ሜዳ ወስዶ 4.3 ኪሎኸርዝ ገደማ ስፋት ባላቸው 256 ጠባብ መደቦች ይሸነሽነዋል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ሜዳውን እስከ 2.2 ሜጋኸርዝ አስፍቶ የመደቦቹን ቁጥር 512 አድርሶታል። እያንዳንዱ መደብ በሰከንድ 4,000 ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ እስከ 15 ቢት ሊሸከም ይችላል። ስንት እንደሚሸከም የሚወስነው በዚያ መደብ ላይ ያለው ጫጫታ ነው።

የዚህን ምክንያት ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣው ዝነኛ ጥናቱ አስቀምጦታል። አንድ መስመር በሰከንድ ሊያሳልፍ የሚችለው ከፍተኛ የቢት ብዛት ከሁለት ነገሮች ይመነጫል፦ ከድግግሞሹ ስፋት፣ እንዲሁም በሲግናሉና በጫጫታው ጉልበት ንጽጽር ላይ አንድ ተደምሮ በመሠረት 2 ከሚሰላው ሎጋሪዝም። ሁለቱ ሲባዙ ጣሪያው ይገኛል። ሲግናሉ ከጫጫታው 1,000 ጊዜ ቢበልጥ፣ ይህም 30 ዲሲቤል ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ኸርዝ በሰከንድ ወደ 10 ቢት ገደማ ያሳልፋል። ጫጫታው አራት እጥፍ ቢያድግ፣ ንጽጽሩ ወደ 250 ይወርድና የሚያልፈው 8 ቢት ብቻ ይሆናል። ሞደሙ ሲግናሉን በዘፈቀደ ማጉላት ስለማይፈቀድለት፣ ጫጫታ በጨመረ ቁጥር የግድ ፍጥነት ይቀንሳል።

ራውተሩ ሲበራ አመልካች መብራቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም የሚለው በከንቱ አይደለም። በዚያች ደቂቃ ከጣቢያው መሣሪያ ጋር ሆኖ በእያንዳንዱ መደብ ላይ ያለውን ጫጫታ እየለካ፣ የቢት ድልድል እያወጣ ነው። ሁለቱ የሚስማሙት መስመሩ በዚያ ሰዓት የሚችለውን ሁሉ ለመጫን አይደለም፤ መጠባበቂያ ያስቀምጣሉ። የተለመደው መጠባበቂያ 6 ዲሲቤል ነው። ይህም ማለት ጫጫታው እስከ አራት እጥፍ ቢያድግ ግንኙነቱ ይጸናል። ከዚያ ካለፈ ስሕተት ይጎርፋል፤ ሞደሙም ድርድሩን አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። እኛ «ተቋረጠ» የምንለው ይህንን ነው።

ከዚህ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይከተላል። ራውተሩ የሚደራደረው በበራበት ሰዓት ባለው ጫጫታ መሠረት ነው። ጸጥ ባለ የቀትር ሰዓት የተነሣ ራውተር ለራሱ ከፍተኛ ፍጥነት ይመድባል፤ ማታ ጫጫታ ሲመጣ ግን ይወድቃል። ማታ፣ በጫጫታው መካከል ቢነሣ ዝቅ ባለ ፍጥነት ይደራደርና ሌሊቱን ሁሉ ሳይናወጥ ሊያድር ይችላል። ማታ ጫጫታ የሚጨምረው ጎረቤት ሁሉ ቤቱ ገብቶ ዕቃዎቹን ስለሚከፍት ብቻም አይደለም። ከ531 እስከ 1,602 ኪሎኸርዝ የተዘረጋው የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ኤዲኤስኤል በሚጠቀምበት ሜዳ ውስጥ ይገባል። ቀን ቀን እነዚህን ሞገዶች የሚውጠው የአየር ንብርብር፣ የአዮኖስፌር የታችኛው ክፍል፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሳሳል፤ ሞገዶቹም ከላይኛው ንብርብር እየተንጸባረቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎሜትሮች ርቆ ያለ ጣቢያን ያሰማሉ። ሌሊት ሬዲዮ ከፍቶ የሩቅ አገር ቋንቋ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። የስልክ ሽቦውም ሳይወድ አንቴና ሆኖ ይሰማቸዋል።

ሽቦው አንቴና እንዳይሆን የተደረገለት ጥበብ አለ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 ጥንዱን ሽቦ እንደ ሹሩባ እርስ በርሱ መጠምዘዝ የውጭውን ጫጫታ እንደሚያስወግድ አሳይቶ የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ሁለቱ ሽቦዎች ቦታቸውን ስለሚለዋወጡ ጫጫታው በሁለቱም ላይ እኩል ያርፋል፤ ተቀባዩ መሣሪያ የሚያነበው ደግሞ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ብቻ ስለሆነ ጫጫታው ይጣፋል። ከጣቢያው እስከ ደጃችን ያለው ሽቦ በዚህ መልክ የተጠመዘዘ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከደጃፍ ወዲህ ነው። ከሱቅ የሚገዛው ጠፍጣፋ የስልክ ገመድ በአብዛኛው ያልተጠመዘዘ ነው፤ እርሱን ከሳሎን እስከ ጓዳ አሥራ አምስት ሜትር መዘርጋት ለጫጫታ በር መክፈት ነው።

ይህን በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ በተግባር ያየሁት ግን አክስቴ ቤት ነው። ልጇ ለውጭ አገር የትምህርት ዕድል በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ሊደረግላት ቀጠሮ ተይዞላት ነበር። የቤቱ ኢንተርኔት ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ይቆራረጣል። በዚህ ምክንያት ራውተር አንዴ ተቀይሯል። ቀኖቹን በወረቀት ላይ ስናሰፍራቸው እንጀራ የሚጋገርባቸው ቀናት ሆነው ተገኙ። ቤተሰቡ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ «ምጣዱ ኃይል ስለሚስብ ራውተሩ ኃይል ያጥረዋል» ብለን ደመደምን። መላምቱ ያሳምናል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ ይችላል።

መላምቱን ለመፈተን ምጣዱ እየሠራ ራውተሩን ከግድግዳው ነቅዬ፣ ዋልታዎቹን ጠብቄ፣ በ12 ቮልት ባትሪ አስነሣሁት። ራውተሩ አሁን ከቤቱ ኤሌክትሪክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሆኖም ምጣዱ ሲለኮስ ግንኙነቱ ተቋረጠ። የደመደምነው ሁሉ ስሕተት ነበር፤ ዕቃ በመግዛት ብንቀጥል ኖሮ የሚገዛው ቀጣይ ዕቃ ቮልቴጅ ማስተካከያ ነበር።

ቀጥሎ በራውተሩ ገጽ ላይ የሚታየውን የመጠባበቂያ ቁጥር መከታተል ጀመርኩ። ምጣዱ ሲጠፋ ቁጥሩ ደህና ነው፤ ሲበራ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ገመዱን በእጄ ተከተልኩት። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያ ጠፍጣፋ የስልክ ገመድ ከምጣዱ የኤሌክትሪክ ገመድ ጋር፣ ለውበት ሲባል፣ በፕላስተር ተጣብቆ ሜትሮች ይጓዛል። ራውተሩን መስመሩ ወደ ቤት ከሚገባበት ቦታ አጠገብ አዛውሬ በአጭር ገመድ ሳገናኘው፣ ምጣዱ ቢበራም ቁጥሩ እምብዛም አልተነቃነቀም። የምጣዱ ሶኬት ሲፈታ ደግሞ ውስጡ ጠቁሮ፣ ሽቦው ላልቶ ብልጭታ ሲረጭ እንደኖረ አየን። ለእሳት አደጋ ስለሚያሰጋ ባለሙያ ተጠርቶ በዚያው ቀን ለወጠው። ሶኬቱ ከተለወጠ በኋላ የድሮውን ገመድ መልሼ ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ጥፋተኛ እንደነበር ልፈትን ብል፣ አክስቴ «የሚሠራውን ነገር ለምን ትነካካዋለህ?» ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ የዚያ ሙከራ ውጤት የለኝም።

በመዳብ መስመር ላይ ምልክታቸው ጎልቶ የሚታይ ሌሎች ሁለት ጥፋቶች አሉ። የመጀመሪያው ስልክ ሲደወል ኢንተርኔቱ የሚቋረጥበት ነው። የጥሪ ደወሉን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ እስከ 90 ቮልት ሊደርስ ስለሚችል፣ በአንዱ ስልክ ላይ ድምፁን ከኢንተርኔቱ የሚለየው ስፕሊተር ከጎደለ ወይም ከተበላሸ ሞደሙን ያናጋዋል። በቤቱ ውስጥ ካሉት ስልኮች አንዱ እንኳ ያለ ስፕሊተር መሰካት የለበትም። ሁለተኛው ተቃራኒ ነው፦ በስልክ እየተነጋገርን ሳለ ኢንተርኔቱ ይሻሻላል። ይህ በመስመሩ ላይ ያለ አንድ መጋጠሚያ መዛጉን ያመለክታል። ቀፎው ሲነሣ በመስመሩ የሚያልፈው አነስተኛ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የዝገቱን ሽፋን ለጊዜው ሰብሮ ግንኙነቱን ያድሳል። ከዝናብ በኋላ የሚብስ መቆራረጥም ብዙውን ጊዜ ከመጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያው ከቤት ውጭ ከሆነ ደግሞ መፍታት የአገልግሎት ሰጪው ሥራ ነው።

የራውተሩ ገጽ ከመጠባበቂያው ጎን የሲግናሉን መዳከም በዲሲቤል ያሳያል። በተለመደው የስልክ ሽቦ በእያንዳንዱ ኪሎሜትር ወደ 14 ዲሲቤል ገደማ ስለሚጠፋ፣ ቁጥሩ ከጣቢያው ያለንን የሽቦ ርቀት ይናገራል። 60 የሚጠጋ ከሆነ ቤቱ ሩቅ ነው፤ ምንም ዓይነት ራውተር ይህን አይለውጠውም። ትናንት 30 የነበረ ዛሬ 45 ከሆነ ግን ርቀቱ ስላልጨመረ ሽቦው ላይ አንድ ነገር ደርሷል።

በአየሩ ላይ

የፒንጉ ፈተና ጥፋቱን ወደ ዋይፋዩ ካመለከተ፣ ቀድሞ የሚጠረጠረው ርቀትና ግድግዳ ነው። ስልክ ላይ የሚጫኑ ነፃ መለኪያዎች የሲግናሉን ጉልበት ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ይሰጣሉ። ከራውተሩ አጠገብ −50 የነበረው መኝታ ቤት ውስጥ −80 ቢሆን፣ ልዩነቱ 30 ዲሲቤል ነው፤ ከደረሰን ጉልበት የቀረው አንድ ሺሕኛው ብቻ ነው። ብረት ያለው ኮንክሪት፣ ቆርቆሮና ትልቅ መስታወት ሞገዱን ይመልሳሉ። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ከብረት ካቢኔ ውስጥ መደበቅ የተለመደ ነው፤ ከፍ ባለና ቤቱን በሚያማክል ቦታ ማስቀመጥ ግን ምንም ወጪ የለውም። ከሩቅ ክፍል በደካማ ሲግናል የተያያዘ አንድ ስልክ ሌሎቹንም እንደሚያዘገይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በቀስታ ስለሚናገር አየሩን ለረጅም ጊዜ ይይዛል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር አንባቢ ዋናው ችግር ጎረቤት ነው። የ2.4 ጊጋኸርዝ ክልል በብዙ አገሮች በ13 ቻናሎች ይከፈላል። ቻናሎቹ በ5 ሜጋኸርዝ ልዩነት ሲደረደሩ የእያንዳንዱ ራውተር ንግግር ግን 20 ሜጋኸርዝ ይወስዳል። ስለዚህ ሳይደራረቡ ጎን ለጎን እንዲቆሙ በብዛት የሚመረጡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። «1 እና 6 ተጨናንቀዋልና በመካከላቸው 3 ይሻላል» ብሎ የሚያስብ ሰው ሁለቱንም ወገን ይረብሻል። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ይደማመጡና ተራ ይጠብቃሉ፤ በከፊል የተደራረቡት ግን የሌላውን ንግግር እንደ ጫጫታ ብቻ ይሰሙታል። መጠበቅ ከመረበሽ ይሻላል። ማይክሮዌቭ ምድጃም የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ ስለሆነ፣ በምሳ ሰዓት ብቻ የሚመጣ መቆራረጥ ወደ ማእድ ቤት ያመለክታል። ራውተሩ የ5 ጊጋኸርዝ ክልል ካለው እዚያ ብዙ ባዶ ቻናል ይገኛል፤ ይህ ሞገድ ግን ግድግዳ ለማለፍ ይበልጥ ይቸገራልና ለቅርብ ክፍል ይመረጣል።

ወረፋው

አንዳንዴ ምንም ነገር ሳይቋረጥ ተቋረጠ የሚያሰኝ ጥፋት አለ። የፒንግ ማሚቶ አይጠፋም፤ ነገር ግን 40 ሚሊሰከንድ የነበረው 2,000 ይሆናል። ቪዲዮ ጥሪ ይንተባተባል፤ ገጽ ሲጠበቅ ይሰለቻል። ጂም ጌቲስ የተባለው አንጋፋ የኮምፒዩተር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2010 ከቤቱ ትልቅ ፋይል በሚልክበት ጊዜ ይህንኑ አስተዋለ። ያገኘው ምክንያት በየራውተሩ ውስጥ ያለው የፓኬቶች ማቆያ ከመጠን በላይ መስፋቱ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። ወደ ውጭ የሚልከው ፍጥነት በሰከንድ 512 ኪሎቢት የሆነ መስመር፣ 256 ኪሎባይት የሚይዝ ማቆያ ቢሞላበት፣ ያንን ለማራገፍ 4 ሰከንድ ይፈጅበታል። ከኋላ የተሰለፈ ትንሽ ፓኬት፣ የድምፅ ጥሪም ቢሆን፣ ያንን 4 ሰከንድ ቆሞ ይጠብቃል።

ማቆያው የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ ስልኮች ማታ ዋይፋይ ሲያገኙ የቀኑን ፎቶግራፎች ወደ ደመና ማከማቻ መላክ ሲጀምሩ ነው። ሁሉም ሰው የሚለካው የሚወርደውን ፍጥነት ስለሆነ ይህ ጥፋት ሳይታወቅ ይኖራል። ፈተናው፦ ፒንግ እየሠራ አንድ ትልቅ ፋይል መላክና ቁጥሩን ማየት ነው። ቢያብጥ በራውተሩ ላይ ወደ ውጭ የሚላከውን ፍጥነት ከመስመሩ አቅም ጥቂት ዝቅ አድርጎ መገደብ፣ ወይም ካለው የወረፋ መቆጣጠሪያውን ማብራት ይረዳል። ኬቲ ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጡት ኮዴል የተባለው ዘዴ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የወረፋውን ርዝመት ትቶ አንድ ፓኬት በወረፋው የቆየበትን ጊዜ ይለካል።

የብርሃን ክር ከላይ ከተባለው ጫጫታ ሁሉ ነፃ ነው፤ ምጣድም ሬዲዮም አይነካውም። የእርሱ ጠላት መታጠፍና አቧራ ነው። ክሩ በበር ሥር ሲጣመም ወይም ከቁም ሳጥን ጀርባ ሲጨፈለቅ ብርሃኑ ይፈስሳል። የተቀባዩ መሣሪያ ገጽ የሚደርሰውን የብርሃን ጉልበት ያሳያል፤ በብዛት በሚሠራበት ዓይነት ከ−8 እስከ −27 ዲቢኤም ያለው ይሠራል፣ ወደ −27 ሲጠጋ ግን መቆራረጥ ይጀምራል። ቀዩ መብራት ከበራ ብርሃኑ ጨርሶ አልደረሰም ማለት ነውና ራውተር ማጥፋትና ማብራት ትርፍ የለውም። የክሩን ጫፍ በዓይን አለመመልከት ይገባል፤ ብርሃኑ አይታይም፣ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል።

የራውተሩ አዳፕተርም ያረጃል። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት ሲደርቁ የሚሰጠው ቮልቴጅ ይንቀጠቀጥና ራውተሩ ያለ ምክንያት ራሱን ያስነሣል። በራውተሩ ገጽ ላይ «ከተነሣ የቆየበት ጊዜ» የሚለው ቁጥር ከእያንዳንዱ መቋረጥ በኋላ ከዜሮ ከጀመረ፣ መስመሩን ሳይሆን አዳፕተሩን እንመርምር። በምትኩ የሚሰካው ተመሳሳይ ቮልቴጅና ከዚያ ያላነሰ አምፔር ሊኖረው ይገባል።

ምርመራው ከቤት ውጭ ካመለከተ ቀሪው ሥራ ለአገልግሎት ሰጪው መደወል ነው። «ይቆራረጥብኛል» የሚል አቤቱታ ከሌሎች መቶ አቤቱታዎች ጋር ይሰለፋል፤ መልሱም ያው «አጥፍተው ያብሩት» ነው። ስለዚህ ከመደወል በፊት አንድ ሳምንት በወረቀት ላይ መመዝገብ ይበጃል፦ የተቋረጠበት ቀንና ሰዓት፣ የትኛው መብራት እንደጠፋ፣ መጠባበቂያውና መዳከሙ ከመቋረጡ በፊትና በኋላ ስንት እንደነበሩ፣ ዝናብ መኖር አለመኖሩ፣ በዚያች ደቂቃ ቤት ውስጥ ምን እንደተከፈተ። በዚህ ላይ የቤቱን ስልኮች ሁሉ ነቅሎ፣ ራውተሩን ብቻ መስመሩ ከሚገባበት ቦታ ላይ ሰክቶ የተገኘው ውጤት ሊጨመርበት ይገባል። ይህ የመጨረሻው መስመር ከሁሉ ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሚመጣው ባለሙያ ቀድሞ የሚጠይቀው ጥፋቱ ከቆጣሪው ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ የሚለውን ነው።